መልካሙን መልካም ያደረገው ማን ነው?

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 ዓመት፣ አቴና ውስጥ፣ የሃይማኖት ክስ ከሚያይ ሹም ደጃፍ ላይ ሁለት ሰዎች ተገናኙ። አንደኛው ሶቅራጥስ ነው፤ ዕድሜው ሰባ ደርሷል። ሜሌጦስ የሚባል ወጣት «የከተማዋን አማልክት አያከብርም፣ ወጣቱን ያበላሻል» ብሎ ከሶታል። ሁለተኛው ኤውቲፍሮን ነው፤ በአማልክት ነገር ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም የሚል፣ በሕዝብ ጉባኤ ፊት ትንቢት የሚናገር ሰው። እሱ የመጣው ሊከሰስ ሳይሆን ሊከስስ ነው። የሚከስሰውም የገዛ አባቱን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ቤተሰቡ ናክሶስ በምትባል ደሴት ላይ እርሻ ነበረው። አንድ ቅጥር ሠራተኛ ሰክሮ ከቤቱ ባሮች አንዱን ጉሮሮውን ቆርጦ ገደለው። የኤውቲፍሮን አባት ገዳዩን እጅ እግሩን ጠፍሮ ጉድጓድ ውስጥ ጣለውና «ምን ላድርገው?» ብሎ እንዲጠይቅለት አቴና ወዳለው የሃይማኖት ሕግ ተርጓሚ መልእክተኛ ላከ። መልሱ እስኪመጣ ድረስ ማንም ዞር ብሎ አላየውም፤ ነፍሰ ገዳይ ነውና ቢሞት ምን ይጎዳል ተባለ። መልእክተኛው ሳይመለስ ሰውየው በረሃብ፣ በብርድና በእስራቱ ብዛት ሞተ። የአማልክትን ፈቃድ እንጠይቅ ሲባል አንድ ሰው ጉድጓድ ውስጥ ቀረ።

ኤውቲፍሮን አባቱን መክሰሱ ቅዱስ ሥራ እንደሆነ ቅንጣት አልተጠራጠረም። ዘመዶቹ ደግሞ ልጅ አባቱን መክሰሱ ርኩሰት ነው አሉ። ሶቅራጥስ ይህን ሲሰማ «እንግዲያው ቅዱስ ማለት ምን እንደሆነ አስተምረኝ» አለው። ኤውቲፍሮን፣ አማልክት የሚወዱት ነገር ቅዱስ ነው ብሎ መለሰ። በግሪኮች ተረት ግን አማልክቱ ራሳቸው ይጣላሉ፤ አንዱ የወደደውን ሌላው ይጠላል። ኤውቲፍሮን መልሱን አረመ፤ ሁሉም በአንድነት የሚወዱት ነው አለ። ያን ጊዜ ሶቅራጥስ እስከ ዛሬ ያልተዘጋውን ጥያቄ አነሣ፦ አማልክቱ ነገሩን የሚወዱት ቅዱስ ስለሆነ ነው ወይስ ነገሩ ቅዱስ የሆነው እነሱ ስለወደዱት ነው?

ኤውቲፍሮን ዙሪያውን ሲዞር ቆይቶ ከተነሣበት ቦታ ተመለሰ፤ በመጨረሻም ቸኩያለሁ ብሎ ሄደ። ሶቅራጥስ ወደ ችሎቱ ገባ፤ ተፈረደበት፤ መርዝ ጠጥቶ ሞተ። ተማሪው አፍላጦን ግን ጭውውቱን ጽፎ አቆየው።

በአንድ አምላክ ለሚያምን ሰው ጥያቄው ይከብዳል እንጂ አይቀልም። መልካም ነገር መልካም የሆነው እግዚአብሔር ስላዘዘው ብቻ ከሆነ፣ ጭካኔን ቢያዝ ኖሮ ጭካኔም መልካም ይሆን ነበር ማለት ነው። «እግዚአብሔር ቸር ነው» የሚለው ምስጋናችንም «የፈቀደውን ያደርጋል» ከማለት አያልፍም። በተቃራኒው፣ እግዚአብሔር ያዘዘው መልካም ስለሆነ ነው ካልን፣ ከእሱ በላይ የሚታዘዘው ሕግ ያለ ይመስላል። አማኞች በእነዚህ በሁለቱ ፍርሃቶች መካከል ብዙ ዘመን ተመላልሰዋል።

ባስራና ባግዳድ

ከሺህ ዓመት በኋላ ጥያቄው በደቡብ ኢራቅ፣ በባስራ ከተማ ተነሣ። መጀመሪያ ያነሡት ሰዎች አፍላጦንን ያነበቡ አልነበሩም፤ ግፍ ያዩ ሙስሊሞች ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ661 እስከ 750 የገዙት የበኒ ኡመያ ኸሊፋዎች ደጋፊዎች፣ የኸሊፋዎቹ ሥልጣንም ሥራም በአላህ ቀደር፣ ማለትም በአስቀድሞ ውሳኔው፣ የተወሰነ ነው ይሉ ነበር። ሰው ያለ ፍርድ ሲገደልና ንብረቱ ሲወረስ መልሱ «አላህ የፈቀደው ነው» ሆነ። መዕበድ አል-ጁሀኒ የሚባል የባስራ ሰው ይህን አልቀበልም አለ፤ ሰው ለሥራው ተጠያቂ ነው፣ ግፍ በአላህ አይላከክም ብሎ አስተማረ። እሱ ተገደለ። ከእሱ በኋላ ጘይላን የተባለው የደማስቆ ሰውም ይህንኑ ብሎ ተገደለ።

በዚያው በባስራ ታላቁ መምህር ሐሰን አል-በስሪ ያስተምሩ ነበር። ከተማሪዎቻቸው አንዱ የሆነው ዋሲል ኢብን አጣእ በአንድ ጥያቄ ላይ ከመምህሩ ተለይቶ የራሱን ጉባኤ እንደመሠረተ ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ748 የሞተው ይህ ሰው የጀመረው ወገን ሙዕተዚላ ተባለ። እነሱ ግን ራሳቸውን የፍትሕና የተውሒድ (የአላህ አንድነት) ሰዎች ብለው ይጠሩ ነበር። ትምህርታቸው ግልጽ ነው። ውሸትና ግፍ ክፉ መሆናቸውን አእምሮ ያውቀዋል፤ ነቢያት የሚመጡት ይህን ሊያጸኑና አእምሮ ብቻውን የማይደርስበትን ሊጨምሩ ነው። አላህ ፍትሐዊ ነው ስንል ቃሉ እኛ የምናውቀውን ፍትሕ ማለት ነው። ስለዚህ አላህ ንጹሕን ሕፃን አይቀጣም፤ ሰው የማይችለውን አያዝም።

እዚህ ላይ ታሪኩ ሊረሳ የማይገባው ነገር ያሳየናል። የአእምሮ ወገን የተባለው ሥልጣን ሲያገኝ ጅራፍ አነሣ። እ.ኤ.አ. በ833 ኸሊፋ አል-መእሙን ለባግዳድ ገዢ ደብዳቤ ጻፈ፤ ዳኞችና ዑለማዎች ቁርኣን ፍጡር መሆኑን እንዲመሰክሩ ይጠየቁ አለ። ይህ ሙዕተዚላዎች የሚያስተምሩት ትምህርት ነበር። ብዙዎች ፈርተው ተስማሙ። አሕመድ ኢብን ሐንበል ግን ከቁርኣን ወይም ከሐዲስ ማስረጃ አምጡልኝ ብለው እምቢ አሉ። በሰንሰለት ታስረው ወደ ኸሊፋው ሲወሰዱ የአል-መእሙን ሞት ተሰማ፤ ወደ ባግዳድ ተመልሰው ታሰሩ። በተከታዩ በአል-ሙዕተሲም ዘመን ተገረፉ፤ ቃላቸውን ግን አልለወጡም። ምርመራው የቆመው በአል-ሙተወኪል ዘመን ነው። ሕዝቡ ያስታወሰው የሙዕተዚላን ክርክር አይደለም፤ የኢብን ሐንበልን ጀርባ ነው። አላህ ፍትሐዊ ነው ብለው ያስተማሩ ሰዎች ዓላማቸው ራሱ በጅራፉ ተጎዳባቸው።

እ.ኤ.አ. በ912 ገደማ ከራሳቸው ቤት ያደገ ሰው ተነሣባቸው። አቡል ሐሰን አል-አሽዐሪ ባስራ ተወልዶ፣ በሙዕተዚላው ሊቅ በአል-ጁባኢ እግር ሥር ተምሮ፣ ዕድሜው አርባ ገደማ ሲሆን ከወገኑ ወጣ። ስለ መለያየታቸው ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ አንድ ታሪክ አለ። አል-አሽዐሪ መምህሩን ስለ ሦስት ወንድማማቾች ጠየቀ ይባላል። አንዱ ጻድቅ ሆኖ ሞተ፣ አንዱ ከሃዲ ሆኖ ሞተ፣ አንዱ በሕፃንነቱ ሞተ። ሕፃኑ «ጌታዬ፣ ለምን አላሳደግኸኝም? እኔም ጻድቅ ሆኜ ከወንድሜ ማዕረግ እደርስ ነበር» ቢልስ? አል-ጁባኢ፣ ብታድግ ከሃዲ እንደምትሆን ስላወቅሁ ነው ይለዋል ሲል መለሰ። አል-አሽዐሪ ቀጠለ፦ ታዲያ ያ ከሃዲ ከሲኦል ሆኖ «ጌታዬ፣ እኔንስ ለምን በሕፃንነቴ አልገደልኸኝም?» ቢልስ? መምህሩ ዝም አለ ይባላል።

ጭውውቱ በእርግጥ እንዲህ ተደርጎም ይሁን ሳይደረግ፣ የአል-አሽዐሪን ሐሳብ በትክክል ይዞታል። እሱ እንዳስተማረው፣ ውሸት ክፉ የሆነው አላህ ክፉ ስላለው ነው፤ መልካም ቢለው ኖሮ መልካም በሆነ ነበር። ከአላህ በላይ የሚያዝና የሚከለክል የለም፤ ስለዚህ የሚያደርገው ሁሉ ፍትሕ ነው። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እያለ ለኖረ ሕዝብ ይህ አነጋገር እንግዳ አይደለም።

የአል-አሽዐሪን ተከታዮች፣ አሽዐሪያን፣ ጨካኝ አድርጎ ማየት ግን ስሕተት ነው። የሚፈሩት የሰውን ትዕቢት ነው። ከእነሱ ታላቁ አል-ገዛሊ፣ በባግዳድ ኒዛሚያ በተባለው ትምህርት ቤት ያስተማረውና እ.ኤ.አ. በ1111 ያረፈው፣ ዛሬም ልብ ሊባል የሚገባ ነገር ጽፏል። ሰው ለዓላማው የሚስማማውን መልካም፣ የሚቃረነውን ክፉ ይላል፤ ይህንኑ ደጋግሞ ሲሰማና ሲለምደው ለሁሉም፣ ሁልጊዜ፣ በሁሉም ቦታ የሚሠራ ሕግ ይመስለዋል። ንጉሥ ሲገደል ወዳጆቹ ክፉ ይላሉ፣ ጠላቶቹ ግን መልካም ይላሉ። አእምሮ ብለን የምንጠራው ብዙ ጊዜ ልማዳችንና ጥቅማችን ነው።

ሙዕተዚላዎች ለዚህ መልስ ነበራቸው። በሬይ ከተማ ዋና ዳኛ የነበረውና እ.ኤ.አ. በ1025 የሞተው ቃዲ ዐብዱል ጀባር የያዘው ክርክር ይህ ነው፦ ውሸት በራሱ ክፉ ካልሆነ፣ አላህ እውነት መናገሩን በምን እናውቃለን? ነቢዩን የምናምነው አላህ ሐሰተኛን በተአምር አይደግፍም ብለን ነው። ይህን እምነት የሚሸከመው ከትእዛዙ በፊት የምናውቀው የእውነት መልካምነት ነው። የዚህ ሰው ታላቅ ሥራ ለብዙ ዘመን ጠፍቶ ነበር። ከቀይ ባሕር ማዶ፣ የመን ውስጥ፣ ዘይዲ የሚባለው የሺዓ ወገን ዑለማዎች ቅጂውን ጠብቀው አቆይተውት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ የግብፅ ሊቃውንት አገኙት። በሌላው የሙስሊም ዓለም ግን የአሽዐሪ መንገድ ሰፋ፤ በሐረርና በወሎ የቆዩት የዒልም (የሃይማኖት ትምህርት) ማዕከሎችም በዚሁ መንገድ ዐቂዳን (የእምነት ትምህርትን) ሲያስተምሩ ኖረዋል። የሰመርቀንዱ አል-ማቱሪዲ ደግሞ አእምሮ አንዳንዱን መልካምና ክፉ በራሱ ይደርስበታል ብሎ መካከለኛ መንገድ ያዘ።

ከአቪኞን ያመለጠው መነኩሴ

በምዕራብ አውሮፓ የቶማስ አኩዊናስ መልስ ሚዛናዊ ይመስል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1274 የሞተው ይህ ሊቅ እንዳለው፣ የእግዚአብሔር ፈቃድ ከጥበቡ አይለይም። መልካምነት ከእግዚአብሔር በላይ ያለ ሕግም፣ እንዲሁ የወጣ ትእዛዝም አይደለም፤ የራሱ የእግዚአብሔር ባሕርይ ነው። ሰውም በአእምሮው ከዚያ ብርሃን ይካፈላል።

ሆኖም ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1277፣ የፓሪስ ጳጳስ 219 አንቀጾችን አወገዙ። ከውግዘቱ በስተጀርባ አንድ ስጋት ነበር፦ ከአርስቶትል የተማሩ መምህራን እግዚአብሔርን በፍልስፍና ሕግ እያሰሩት ነው የሚል። ከዚህ ውግዘት በኋላ ስለ እግዚአብሔር ፍጹም ነጻነት መናገር በረታ። ከሁሉም በላይ ያራቀቀው እንግሊዛዊው የፍራንቸስኮ መነኩሴ ዊልያም ኦካም ነው። ስርቆትም ዝሙትም ክፉ የሆኑት ስለተከለከሉ ነው፤ እግዚአብሔር ቢያዛቸው ኖሮ የሚያስመሰግኑ ሥራዎች ይሆኑ ነበር ብሎ ጻፈ።

ይህን የጻፈው ሰው ለሰው ሥልጣን የሚያጎበድድ ይመስላችሁ ይሆናል። ሕይወቱ ግን ተቃራኒውን ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1324 ትምህርቱ እንዲመረመር ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ወደሚቀመጡበት ወደ አቪኞን ተጠራ። እዚያ ሳለ የመነኮሳት ማኅበሩ አለቃ ስለ ክርስቶስ ድህነት በተነሣው ክርክር የርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ 22ኛን ውሳኔዎች እንዲመረምር ጠየቁት። መርምሮ መናፍቅነት አገኘባቸው። በ1328 ግንቦት ወር በሌሊት ከአለቃው ጋር ከከተማው ሸሽቶ ወደ ጀርመኑ ንጉሥ ሉድቪግ ተጠጋ፤ እስኪሞት ድረስ የሊቃነ ጳጳሳትን ሥልጣን ልክ እያሳየ ጻፈ። የእግዚአብሔር ፈቃድ ፍጹም ነጻ ከሆነ፣ ማንም ምድራዊ ሹም ያንን ፈቃድ በኪሱ ይዞ ሊዞር አይችልም። የኦካም ትምህርት ድፍረት ያገኘው ከዚህ ነው።

የመጽሐፍ ሣጥን

በ16ኛው መቶ ዘመን ሉተርና ካልቪን የፈቃድን ወገን ያዙ፤ የእግዚአብሔር ፈቃድ ራሱ የጽድቅ ልክ ነው፣ ከእሱ በላይ ምክንያት አይጠየቅም አሉ። ይህ ትምህርት በሆላንድ ወደ ደም አመራ። እግዚአብሔር አንዱን ለመዳን ሌላውን ለመጥፋት አስቀድሞ የመረጠው ያለ ምንም ምክንያት ነውን? አርሚንየስ የተባለውን መምህር የተከተሉት አይደለም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1618 እና በ1619 በዶርድሬኽት የተሰበሰበው ሲኖዶስ አወገዛቸው። በፖለቲካው በኩል ይደግፏቸው የነበሩት የ71 ዓመቱ አዛውንት ዮሐን ፋን ኦልደንባርነፌልት በግንቦት 1619 አንገታቸው ተቆረጠ። ወዳጃቸው የሕግ ሊቁ ሁጎ ግሮሺየስ ዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶበት ሉቨስታይን ወደሚባል በወንዝ የተከበበ ምሽግ ተላከ።

ግሮሺየስ እስር ቤት ውስጥ ማንበብ ተፈቀደለት። መጻሕፍቱ በትልቅ ሣጥን ይገቡና ይወጡ ነበር። ወታደሮቹ መጀመሪያ ሣጥኑን ይፈትሹት ነበር፤ ቀስ በቀስ ግን ሰለቻቸው። አብራው የታሰረችው ሚስቱ ማሪያ ይህን አስተዋለች። ባሏን ሣጥኑ ውስጥ አስተኝታ፣ ሳይንቀሳቀስ መቆየት እንዲለምድ አደረገችው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 22 ቀን 1621 ግሮሺየስ ሣጥኑ ውስጥ ገባ፤ ማሪያ ቆለፈችና ወታደሮቹን ጠራች። እሷ ከኋላ ቀረች። የቤት ሠራተኛቸው ኤልስየ ከሣጥኑ ጋር በጀልባ ተሳፍራ ሆርኩም ከተማ ከወዳጅ ቤት አደረሰችው። እዚያ የግንበኛ ልብስ ለበሰ፤ የግንበኛ መሣሪያ ይዞ በከተማው መሐል አልፎ ወደ ፓሪስ አመለጠ።

ከአራት ዓመት በኋላ በፓሪስ ስለ ጦርነትና ስለ ሰላም ሕግ የጻፈው መጽሐፍ ታተመ። አውሮፓ በዚያን ጊዜ በሠላሳው ዓመት ጦርነት እየነደደች ነበር፤ ካቶሊኩም ፕሮቴስታንቱም እግዚአብሔር ከኔ ጋር ነው ይላል። ግሮሺየስ በመጽሐፉ አንድ ደፋር ነገር አለ። አምላክ የለም ብንል እንኳ፣ ይህን ማለት ታላቅ ኃጢአት ቢሆንም፣ እነዚህ ሕጎች በተወሰነ ደረጃ በጸኑ ነበር። የሁለት ጊዜ ሁለትን ውጤት አራት እንዳይሆን ማድረግ እንደማይቻል፣ በባሕርዩ ክፉ የሆነውንም ክፉ እንዳይሆን ማድረግ አይቻልም። ይህን የጻፈው ከሃዲ አልነበረም፤ ለክርስትና መከላከያ መጽሐፍ የጻፈ አማኝ ነበር። የፈለገው ነገር በእግዚአብሔር ስም የሚዋጉ ጠላቶች ሁለቱም ሊቀበሉት የሚችሉት ሕግ ነበር። እስረኛን አትግደል፣ ቃልህን ጠብቅ የሚለው ሕግ በማን ሃይማኖት ትክክል ነው ተብሎ የሚጠየቅ ከሆነ፣ እስረኛው ጥያቄው ሳይመለስ ይሞታል።

ተከዜ ዳር

ግሮሺየስ በፓሪስ ሲጽፍ፣ ኢትዮጵያ ውስጥም ተመሳሳይ እሳት ተነሥቶ ነበር። ዐፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀበሉ፤ በ1626 የሮምን የበላይነት በመሐላ አጸኑ። ፓትርያርክ ሆነው የመጡት አፎንሶ ሜንዴዝ ክህነት እንደገና እንዲሰጥ፣ ሕዝቡም እንደገና እንዲጠመቅ አዘዙ። በላስታና በሌላውም አገር አመፅ ተነሣ። አንዱ ለተዋሕዶ፣ ሌላው ለካቶሊክ፣ ሁለቱም በእግዚአብሔር ስም ብዙ ሺህ ሰው ገደሉ። በ1632 ወይና ደጋ ላይ ከተደረገው ጦርነት በኋላ ንጉሡ እያንዳንዱ ወደ ቀድሞ እምነቱ ይመለስ ብለው አዋጅ አስነገሩ፤ ዙፋናቸውንም ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ።

በዘርዐ ያዕቆብ ስም የሚታወቀው የግእዝ ሐተታ የሚነሣው ከዚህ ዘመን ነው። መጽሐፉ እንደሚተርከው ጸሐፊው እ.ኤ.አ. በ1599 አክሱም አካባቢ ተወለደ፤ ቅዱሳት መጻሕፍትን ሲያስተምር የፈረንጆቹንም የግብጾቹንም ትርጓሜ እያነጻጸረ ያስተምር ነበር። ጠላቱ ወነጀለውና ንጉሡን ፈርቶ ሸሸ። ዳዊቱንና ጥቂት ወርቅ ይዞ ተከዜ አጠገብ ባለ ዋሻ ውስጥ ሁለት ዓመት ተቀመጠ። እዚያ ሆኖ ሁሉም ሃይማኖተኛ የእኔ ብቻ ነው ትክክል የሚል ከሆነ ማን ይፈርዳል ብሎ ጠየቀ። መልሱም እግዚአብሔር በሰው ልብ ውስጥ ባኖረው የአእምሮ ብርሃን ይመረመር የሚል ሆነ። በዚያ ብርሃን መዘነ፦ ምንኩስና ከጋብቻ ይበልጣል ማለት ከፍጥረት ሥርዐት ጋር አይስማማም፤ ሰውን እንደ ከብት መሸጥም የወንድማማችነትን ሥርዐት ያፈርሳል።

ሐተታው ይህን በቃል ብቻ አልተወውም። ዘርዐ ያዕቆብ ከዋሻው ወጥቶ እንፍራዝ ሄደ፤ ሀብቱ በሚባል ባለጸጋ ቤት ዳዊት እየጻፈና ልጆች እያስተማረ ኖረ። የቤቱ ገረድ የሆነችውን ሂሩትን ሊያገባ ጠየቀ። ሀብቱ፣ ከእንግዲህ ያንተ ገረድ ትሁን አለው። ዘርዐ ያዕቆብ ግን ገረድ ሳይሆን ሚስቴ ናት የምፈልጋት፣ ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል ናቸውና ጌታና ገረድ ልንባል አይገባም ብሎ መለሰ። ሐተታውን እ.ኤ.አ. በ1667 እንደጻፈው ይናገራል፤ ተማሪው ወልደ ሕይወትም ሌላ ሐተታ ጨመረበት።

በ1850ዎቹ ጣሊያናዊው የካፑቺን መነኩሴ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሐተታውን ቅጂ ለተመራማሪው አንቷን ዳባዲ ላከለት፤ ዛሬ ፓሪስ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። በ1920 ጣሊያናዊው ሊቅ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ጸሐፊው ራሱ ጁስቶ ነው አለ። ተመራማሪው ክላውድ ሰምነር ደግሞ አዲስ አበባ ሆኖ ለዓመታት መርምሮ የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ብሎ ተከራከረ፤ ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ማንም ይጻፈው፣ ያስነሣው ቁስል እውነተኛ ነው። በሱስንዮስ ዘመን የሞቱት ገበሬዎች ከሁለቱም ወገን «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» እየተባሉ ሞተዋል።

ከላይብኒትስ እስከ ዘመናችን

በዚያው መቶ ዘመን ፈላስፋው ዴካርት፣ እ.ኤ.አ. በ1630 በጻፋቸው ደብዳቤዎች፣ ንጉሥ በግዛቱ ሕግ እንደሚደነግግ እግዚአብሔርም የሒሳብን እውነቶች ሳይቀር ደንግጓል አለ። ላይብኒትስ በ1686 መለሰለት። እግዚአብሔር ተቃራኒውን ቢያደርግም እኩል የሚመሰገን ከሆነ፣ ስላደረገው ነገር ለምን እናመሰግነዋለን? ፈቃድ በፍትሕ ቦታ ከተተካ፣ አምባገነንን ከጻድቅ ምን ይለየዋል?

ካንት በ1798 ባወጣው መጽሐፍ ጥያቄውን አብርሃም ፊት አቆመው። ልጅህን ሠዋ የሚል ድምፅ ለሰማ አባት፣ መልሱ ልጄን አለመግደል እንዳለብኝ እርግጠኛ ነኝ፣ ይህ ድምፅ የእግዚአብሔር መሆኑን ግን እርግጠኛ አይደለሁም የሚል መሆን ነበረበት አለ። ኪርኬጎር በ1843 ተቃራኒውን ያዘ፦ እምነት ማለት ምክንያት በሚያልቅበት መቆም ነው፤ አብርሃምን በሥነ ምግባር ሚዛን ካስቀመጥነው የእምነት አባት መባሉ ይቀራል አለ።

በ1973 አሜሪካዊው የሥነ መለኮት ሊቅና ፈላስፋ ሮበርት አዳምስ የፈቃድን ወገን በአዲስ መልክ አነሣ። ክፉ ማለት የእግዚአብሔርን ትእዛዝ መቃወም ነው አለ፤ ነገር ግን የሚያዝዘው የሚወድ እግዚአብሔር ነው። ጭካኔን ለጭካኔነቱ የሚያዝ ቢኖር፣ ያንን አለመታዘዝ ክፉ አይሆንም ብሎ አመነ። በዚህች አንድ ቅድመ ሁኔታ አዳምስ ከአል-አሽዐሪ ርቆ ወደ ዐብዱል ጀባር ተጠጋ። ፍቅር ምን እንደሆነ አስቀድመን ካላወቅን፣ የሚያዝዘው የሚወድ መሆኑን መለየት አንችልም።

እኔ ከዚህ ሁሉ ታሪክ የምይዘው አቋም ይህ ነው። አሽዐሪያና ኦካም ከእግዚአብሔር በላይ ማንም እንዳይሾም ስለተጨነቁ ሊከበሩ ይገባል። ሙዕተዚላና ግሮሺየስ ግን የያዙት ነገር ለአምልኮ ራሱ አስፈላጊ ነው፤ ቸርነትን ከትእዛዝ በፊት የማያውቅ ሰው እግዚአብሔርን ሊፈራው ይችላል፣ ሊያመሰግነው ግን አይችልም። ባግዳድ ያሳየችን ነገርም አለ። አእምሮ የያዘ ወገንም ጅራፍ ከያዘ ያው ገራፊ ነው፤ ስለዚህ ምክንያቱ ትክክል ነው የሚል ሰው ምክንያቱን ለሚጎዳው ሰው በቃል ማስረዳት አለበት እንጂ በዱላ መጫን የለበትም።

የዛሬ አገራችን ይህን ትምህርት ትፈልጋለች። ልጅ ሲደበደብ፣ ሴት ስትበደል፣ ጎረቤት ጎረቤቱን ሲያፈናቅል፣ ቄሱም ሸኹም ፓስተሩም «የፈጣሪ ፈቃድ ነው» የሚለውን ቃል ለመናገር መቸኮል አይገባቸውም። የፈጣሪን ስም ከመጥራታቸው በፊት ለተጎዳው ሰው ፊት ለፊት ቆመው ምክንያታቸውን ያስረዱ። ማስረዳት ካልቻሉ በፈጣሪ ስም ያሉት ነገር የራሳቸው ፈቃድ መሆኑን ይመኑ። ይህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም፤ መምህራኑ ራሳቸው በየጉባኤያቸው ለሺህ ዓመታት ሲጠይቁት የኖሩት ጥያቄ ነው፣ ምእመኑም የመጠየቅ መብት አለው።